ከሽማግሌው ሥር የሳብኩት ፍራሽ

ከልጅነቴ ጀምሮ ተጸያፊ ነበርኩ። ታላቅ እኅቴ አፏን ያሳረፈችበትን ኩባያ ሳላጥብ ውሃ አልጠጣበትም። የሕፃን ለሃጭ ካየሁ ምሳዬ ቀረ ማለት ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ያለ ሰው ካስነጠሰ ፌርማታዬ ሳይደርስ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። እናቴ ይህን ለጎረቤት ሁሉ እያወራች ታስቅብኝ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ ነርስ ትሆናለች ቢባል የሚያምን የለም፤ እኔም አላመንኩም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም፤ መንግሥት የነርስ ትምህርት ቤት መደበኝ። በደርግ ዘመን የተመደቡበትን አልፈልግም ማለት ምን ጣጣ እንደሚያመጣ አባቴ ያውቅ ነበርና "ዝም ብለሽ ግቢ" አለኝ። ገባሁ።

ትምህርቱን፣ እውነት ለመናገር፣ ወደድኩት። በተለይ የሰው ልጅ የዕድገት ደረጃዎች የሚባለውን። አስተማሪያችን ረጋ ያለች ሴት ነበረች፤ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ረዥም ሥዕል ሰቅላ በእንጨት እየጠቆመች ታስረዳናለች። በግራ በኩል ጽንስ፣ ቀጥሎ አራስ ልጅ፣ የሚድህ፣ ቆሞ የሚሄድ፣ ደብተር የያዘ ተማሪ፣ ጎረምሳ፣ ጎልማሳ፣ በቀኝ ጥግ ደግሞ ከዘራ የተመረኮዘ ሽማግሌ። ለእያንዳንዱ ምን ዓይነት እንክብካቤ እንደሚያስፈልገው በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አራስ ልጅ ሙቀት ይፈልጋል። የአራት ዓመት ልጅ ታናሽ ሲወለድበት ተመልሶ ሕፃን መሆን ያምረዋል። ሽማግሌ ክብሩ እንዲጠበቅለት ይፈልጋል። ፈተናውን ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ አለፍኩ። ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ንጹሕ ነበሩ፤ አንዳቸውም አይሸቱም።

ልምምድ ስንወጣ ጉዴ ፈላ። ሕፃናት ክፍል የመጀመሪያ ሥራዬ ተቅማጥ የያዛትን ልጅ ማጠብ ነበር። ትንፋሼን ይዤ አጠብኳት፤ ስጨርስ ኮሪደሩ ላይ ራሴን ስቼ አገኙኝ። ከዚያ ወዲያ ዘዴ አበጀሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በመዳፌ አሽቼ ኪሴ ውስጥ አኖራለሁ፤ ሲብስብኝ ወደ ጥግ ዞር ብዬ አሸታለሁ። እንዲህ እንዲህ ብዬ ተመረቅሁ።

የተመደብኩት መካኒሳ አካባቢ ወደነበረች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። መካኒሳ አቦን አልፈው ወንዙን ሲሻገሩ ያን ጊዜ ከተማው ያልቃል። ላፍቶ የጤፍና የጓያ ማሳ ነበር፤ በክረምት ጭቃው ቦቲ ጫማ ከእግር ላይ ያስቀራል። ጣቢያዋ ሦስት ክፍልና አንድ መጋዘን አላት። ኃላፊያችን በዕድሜ የገፋ ጤና ረዳት ነበር፤ ሰዉ "ድሬሰር" እያለ ነው የሚጠራው። በመጀመሪያው ቀን ቅጠሉን ከኪሴ ሳወጣ አየኝና አልሳቀም።

"ሲስተር፣ አፍንጫሽ ቢረብሽሽ ለበሽተኛው እንዳታሳውቂው" አለኝ። "አንዴ ስትጸየፊው ካየሽ ሁለተኛ አይመጣም፤ እቤቱ ይሞታል።"

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ገደማ አንዲት ጎረቤት ከላፍቶ በኩል መጥታ "አራስ ናት፣ ትኩሳት ይዟታል፣ ባሏ ዘምቷል፣ የሚያያት ሰው የለም" አለች። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተከተልኳት።

ቤቱ በቁልቋል የታጠረ፣ የሣር ክዳን ያለው ጭቃ ቤት ነበር። ደጁ ላይ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ትሸናለች። ውስጥ አራሷ መደብ ላይ ተጋድማለች፤ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀላ ያለች፣ ዓይኖቿ በትኩሳት የሚያበሩ ሴት። ከወላይታ ለሥራ መጥታ ነው የዚህን ቤት ልጅ ያገባችው። ጴንጤ ናት ተብላ ሰፈርተኛው ብዙም አይጠጋትም፤ የምትጸልይበት ቤት ከታሸገ ወዲህ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ብቻዋን ትጸልያለች። ይህን ሁሉ ጎረቤቷ ናት መንገድ ላይ የነገረችኝ።

ሕፃኑን ስፈታው እትብቱ ላይ እበት በቅቤ ለውሰው ለጥፈውበታል። ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ከሥሩ ቢጫ ውሃ ያዣል። ጥርሴን ነክሼ በፈላ ውሃና በጨው አለሰለስኩና አነሳሁት። የእናትየው ግራ ጡት ደግሞ አብጦ ብርቱካን መስሏል። በሙቅ ውሃ የነከርኩትን ጨርቅ ደጋግሜ ስይዝላት ከጡቷ ጫፍ አጠገብ ፈነዳና መግሉ እስከ ክርኔ ፈሰሰ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ቅጠል አሰብኩ፣ እጄ ግን መግል ነበር። ሴትዮዋ ከንፈሯን ነክሳ ጣራውን እያየች "ተመስገን፣ ተመስገን" ትላለች በሹክሹክታ። ቀለል ሲላት ፊቷ ላይ አየሁት። መርፌ ወጋኋት፤ ልጁን በደህናው ጡቷ እንድታጠባ አሳየኋት።

ፋሻዬን ጠቅልዬ ልነሳ ስል ሌላ ሽታ መጣብኝ። የመግሉ አይደለም፣ የእበቱም አይደለም። አይጥ ጣራ ውስጥ ሞቶ ሲቀር ያለው ዓይነት፣ ጣፈጥ የሚል ግማት ነው። ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነው የሚመጣው።

"እዚያ ውስጥ ምን አለ?" አልኳት።

"አባባ ናቸው፣ የባለቤቴ አባት" አለች ዓይኗን ሰብራ። "ከመስከረም ጀምሮ ተኝተዋል። ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝም።"

"ታዲያ ለምን ወደ እኛ አላመጣችኋቸውም?"

"ማን ይሸከማቸው ሲስተር? ወንዱ ሁሉ ተወስዷል። እኔ ደግሞ እርጉዝ ነበርኩ።"

መጋረጃውን ገለጥኩ። ረዥም ሰው ናቸው፤ ቁርበት ላይ በጎናቸው ተኝተው እግራቸው ከቁርበቱ አልፎ መሬቱ ላይ ተዘርግቷል። የለበሱት ጋቢ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። በውሃ እያራስኩ ላቀቅሁት። ከወገባቸው በታች የቡጢ ያህል ጉድጓድ አለ፤ ዳር ዳሩ ጠቁሯል። ውስጡ ሩዝ የተበተነበት መሰለኝ። ሩዙ ተንቀሳቀሰ።

ሮጬ ወጣሁ። ቁልቋሉ ሥር ተንበርክኬ ጠዋት የበላሁትን፣ ከዚያም እሱ ሲያልቅ ሐሞቴን ተፋሁ። ትንሿ ልጅ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ በአንክሮ ታየኛለች። ቀና ስል ከላዬ የቆመችው አራሷ ናት፤ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች፣ በአንድ እጇ ልጇን አቅፋ በሌላው ውሃ በጣሳ ይዛልኝ መጥታለች።

"ይጉመጥመጡ" አለችኝ። "እኔም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ያደርገኝ ነበር። ይለመዳል።"

ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። ያን ውሃ ከእጇ ስቀበል የተሰማኝን እፍረት ዛሬም አልረሳውም። ግን እፍረቱ ግማቱን አላጠፋልኝም። ስመለስ አፌ ይመራል፣ አፍንጫዬ ይቃጠላል። ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ አማርኛቸው ኦሮምኛ ኦሮምኛ እየሸተተ፣ ግማሽ አፋቸው እየተያዘባቸው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ሸተትኩሽ አይደል?"

"የበላሁት ነገር ነው አባባ" አልኳቸው።

"እንግዲያስ የበላሽው ነገር ይሻልሽ" አሉና አንገታቸውን መልሰው አስተኙ። እንዳላመኑኝ ገባኝ።

ያን ዕለት ትሎቹን አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ስለቅም ዋልኩ። አመመዎት ወይ ስላቸው ስለ እርሻቸው ያወሩኛል፤ ከወንዙ ማዶ ስላለችው መሬት፣ ውሃ ስለማይተኛባት ጥቁር አፈር፣ ስለሸጧት ቀይ ላም። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አያቴ የት አገር እንደተወለደ ጠየቁኝ። እኔ በአፌ ብቻ እየተነፈስኩ እመልሳለሁ። ቤቴ ስገባ ልብሴን ደጅ ላይ አወለቅሁ። እናቴ ውሃ እያፈሰሰችልኝ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ ራት ሲቀርብ ሥጋ ስለነበረው አልነካሁትም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሄድኩ። በፈቃዴ ነው ብል ዋሸሁ። ኃላፊያችን "የጀመርሽውን ጨርሺ" ስላለኝ ነው፤ ደግሞም ያንን ቁስል ካየሁ በኋላ ያልሄድኩ ቀን እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ነው። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ የአስተማሪዬ ሥዕል በሙሉ ተኝቷል። አራስ ልጅ አለ። ታናሽ የተወለደባት የአራት ዓመት ልጅ አለች፤ ደብተሬ ላይ እንደጻፍኩት ተመልሳ መዳህ ጀምራለች፣ መደብ ላይ ትሸናለች፣ ጡት ካልጠባሁ እያለች ታለቅሳለች። እናት አለች። ሽማግሌ አለ። ደብተሬ ላይ ያልጻፍኩት አንዲት እናት ይህን ሁሉ ለብቻዋ ስታጥብ እጇ ምን እንደሚመስል ነው። የሕፃኑንም የሽማግሌውንም ጨርቅ በአንድ ገንዳ ነው የምታጥበው፤ ጣቶቿ መሐል ቆዳው ተልጦ ነጭ ሆኗል።

ለትንሿ ልጅ የኮሶ መድኃኒት ሰጥቻት ነበር። በማግስቱ ገና ከአጥሩ ስገባ እየሮጠች መጣች፤ መዳህ የለም፣ በሁለት እግሯ ነው። ሁለት እጇን አጣምራ በቅጠል የያዘችውን ነገር ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

"ወጣልኝ" አለች።

ረዥም፣ ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ ገና የሚላወስ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ፣ ከዚያ ፊቷን አየሁት። በሕይወቷ እንዲህ የኮራችበት ነገር ያለ አይመስልም። "ጎበዝ" አልኳት፤ "በይ አሁን እንቅበረው።" አብረን ጉድጓድ ምሰን ቀበርነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቦርሳሽን ካልያዝኩ ማለት ጀመረች።

የሽማግሌው ቁስል ግን አልድንም አለ። ትሉ ጠፋ፣ ጥቁሩ ሥጋ ተቆርጦ ወጣ፣ ሽታው ቀነሰ፤ ሆኖም ደረቅ ቁርበት ላይ እስከተኙ ድረስ ያጸዳሁት ሁሉ በማግስቱ ይጋጋጣል። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫቸው ብዬ ለምራትየው አሳይቻታለሁ። ታደርገዋለች፤ ግን አጥንታቸው ቆዳቸውን ሊቀድ የደረሰ ሰው ናቸው።

እንዲህ እያለን ሳለ አንድ ረፋድ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ጣቢያችን መጣ። ሁልጊዜ ካኪ የሚለብስ፣ ሽጉጡን ኮቱ ሥር የሚይዝ ሰው ነበር። የጤና ዘመቻ የሚጎበኙ እንግዶች ከበላይ አካል እንደሚመጡ ነገረን። ለአርአያ የሚሆን አንድ ቤት ይፈለጋል፤ ሕፃን፣ እናት፣ አዛውንት በአንድ ላይ ያሉበት ቢሆን ጥሩ ነው። ኃላፊያችን ወደኔ ዞረ። ዝም ማለት ይቻለኝ ነበር፤ "አንድ ቤት አለ" አልኩ። ጥቅም የሚያገኙ መስሎኝ ነው። እንግዶቹ ካዩዋቸው ሐኪም ቤት ይወስዷቸዋል ብዬ አስቤ ነው።

በሁለት ቀን ውስጥ ያ ቤት ሌላ ሆነ። ግድግዳው ኖራ ተቀባ። ጓሮ ላይ ጉልበት የማይደርስ ጉድጓድ ቆፈሩና ላዩ ላይ አዲስ የቆርቆሮ መጸዳጃ ቤት አቆሙበት። ትንሿ ልጅ ደስ ብሏት ልትገባ ስትል አንዱ የማኅበሩ ዘበኛ ቀሚሷን ይዞ መለሳት፤ "ለእንግዳ ነው፣ አታቆሽሺው" አላት። ተመልሳ ቁልቋሉ ሥር ሸናች። ምራትየው መጽሐፍ ቅዱሷን በጨርቅ ጠቅልላ ጎተራ ውስጥ ቀበረች። ከጣቢያችን መጋዘን ደግሞ ሊከፈት ነው ለተባለው የአልጋ ክፍል ከመጡት ስድስት የስፖንጅ ፍራሾች አንዱ በእኔ ፊርማ ወጣ፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም ነበር። የብረት አልጋና ሁለት ነጭ አንሶላም መጣ።

ጢማቸውን ላጨኋቸው፣ ጥፍራቸውን ቆረጥኩ፣ ቁስላቸውን በአዲስ የጎዝ ጨርቅ ሸፈንኩ። አራት ሆነን አንስተን ፍራሹ ላይ ስናሳርፋቸው ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ጀርባዬ ዛሬ አረፈ" አሉ።

እንግዶቹ እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መጡ፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ካሜራ ካነገተ ሰው ጋር። ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካ ከመኪናው እስከ በሩ ጭድ ተነጥፎላቸዋል። ከመሐላቸው ወፍራሙ ሰውዬ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ ወደ አልጋው ጎንበስ አለና "እሺ አባት፣ እንዴት ነው ታዲያ?" አላቸው።

ሽማግሌው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሊቀመንበሩ ቀደማቸው። "ድሮ ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም፣ ጓድ። አሁን ሲስተር በየቀኑ እየመጣች ትንከባከባቸዋለች። ከተወለደው ሕፃን ጀምሮ እስከ አዛውንቱ ድረስ።"

ግማሹ እውነት ነበር፤ ይበልጥ ያስጠላኝም እሱ ነው። በየቀኑ እየመጣሁ እንክብካቤ አደርግ የለ? ሕፃኑን አስታቀፉኝና በእናትየውና በአልጋው መሐል አቆሙኝ። ካሜራ የያዘው ሰው "ፈገግ በይ ሲስተር" አለኝ። ፈገግ አልኩ። የሰውየው መሐረብ ሽቶ ሸተተኝ፤ ከዚያ ሁሉ ወራት ግማት ይልቅ ያ ሽቶ አቅለሸለሸኝ። ለምራትየው አንድ ሳሙና ሰጧት፤ ስለ ንጽሕና አጭር ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ስለ ሐኪም ቤት የተናገረ ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም። የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ሲያየኝ ዋጥኩት።

የመኪናቸው ድምፅ ገና ሳይጠፋ ሊቀመንበሩ እጁን አጨበጨበ።

"በሉ፣ ዕቃው ይመለስ።"

"የቱ ዕቃ?" አልኩ።

"አልጋው፣ ፍራሹ፣ አንሶላው። የመንግሥት ንብረት ነው ሲስተር። ፈርመሽ የወሰድሽው አንቺ ነሽ፤ አንድ ነገር ቢጎድል የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።"

ኃላፊያችን መሬት መሬት ያያል። ዘበኞቹ አልጋውን ሊያነሱ ቆመዋል። ሽማግሌውን በሻካራ እጃቸው ጎትተው እንዳያወርዷቸው ፈራሁና "እኔ አደርገዋለሁ፣ አትንኳቸው" አልኩ። ያኔ ራሴን ያሳመንኩት እንዲህ ብዬ ነው። ቁርበቱን መሬት ላይ አነጠፍኩ። ከምራትየው ጋር በጎናቸው አዞርናቸውና ፍራሹን ከሥራቸው መሳብ ጀመርኩ። ሽማግሌው እንደ ወትሮው የማገላብጣቸው መስሏቸው ይሁን አላውቅም፣ በደህና እጃቸው የአልጋውን ብረት ያዙና እንዲቀለኝ ሰውነታቸውን ከፍ አደረጉልኝ። አገዙኝ። ፍራሹ ወጣ። ቁርበቱ ላይ ስናሳርፋቸው ከጉሮሯቸው ትንሽ ድምፅ ወጣች፤ ከዚያ "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አሉኝ።

ወደ ጣቢያ ስንመለስ ፍራሹን የተሸከመው ዘበኛ ከፊቴ ይሄዳል። ማጠቢያው ጋ ቆሜ እጄን በሳሙና ፈተግሁ፤ በብሩሽ፣ በአልኮል፣ እንደገና በሳሙና። እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ያን ቀን አንድም ቁስል አልነካሁም፤ የነካሁት አዲስ ፍራሽ ብቻ ነው። ስፈትግ ስፈትግ የጣቴ ቆዳ ተላጠ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተጸይፌያለሁ፤ እንደዚያን ቀን የገዛ እጄን ተጸይፌ ግን አላውቅም።

በማግስቱ ኃላፊያችን ክፍል ገባሁ።

"ፍራሹን ልውሰድላቸው" አልኩት።

"አይሆንም።"

"መጋዘን ተቀምጦ ምን ይሠራል? የአልጋ ክፍሉ ግድግዳው እንኳ አልቆመም።"

"ቁጥር ተመትቶበታል ሲስተር። ሊቀመንበሩ መጋዘኑን ቆጥሮ ነው የሄደው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ስድስት ልጆች አሉኝ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ይህን አታውቂውም።"

"በመጀመሪያው ቀን አፍንጫሽ ቢረብሽሽ ለበሽተኛው እንዳታሳውቂው ነበር ያልከኝ። ትናንት ምን አሳየናቸው?"

መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ንቄው ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ የራሴን ልጆች ሳሳድግ ፍርሃቱ ገብቶኛል፤ መናቄን ግን ጨርሼ አልተውኩትም።

ከዚያ ያደረግነው ሌላ ነው። ምራትየውን ጆንያ እንዳላት ጠየቅኋት። ሦስት ነበራት። ጎረቤቲቱ ሁለት ጨመረች፤ እኔ ከእናቴ ቤት አሮጌ አንሶላ አመጣሁ። አውድማ ወርደን የጤፍ ጭድ ሰበሰብን፤ ለስላሳውን ብቻ፣ ድቃቂውን። ሦስት ሴቶች ቁጭ ብለን ጠቀጠቅን፣ ሰፋን፣ ቁስሉ የሚያርፍበትን ቦታ ባዶ ተውነው። ምራትየው ስትሰፋ በለሆሳስ ትዘምራለች፤ ጎረቤቲቱ ማርያምን ስትጠራ ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። ያን ቀን ነው ምራትየው "ሲስተር፣ እርስዎ" ማለቷን ትታ "አንቺ" ማለት የጀመረችው።

ጭዱ በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ሲረጥብ ይሸታል፣ ቁንጫም ያፈራል። እኔም ተነከስኩ። ነገር ግን በሁለተኛው ወር ከጉድጓዱ ሥር ቀይ፣ ጤነኛ ሥጋ መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ጎዙን አንስቼ አፍንጫዬን ወደ ቁስሉ አስጠጋሁ፤ ቁስል ሲመረቅዝ ቀድሞ የሚናገረው ሽታው ነውና። ምንም አልሸተተም። ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ ቀና ካልኩ በኋላ ነው።

መጋዘን የቀሩት ፍራሾች መጨረሻቸው ይኸው ነው፦ የአልጋ ክፍሉ ሳይሠራ ክረምት ገባ፤ ንብረት ለመቁጠር ሲከፈት አይጥ ወልዶባቸዋል። ስፖንጁ ተቦርቡሮ፣ ሮዝ የሚመስሉ ፀጉር ያላወጡ የአይጥ ግልገሎች እርስ በርስ ይተራመሱበታል። ሊቀመንበሩ አፍንጫውን ይዞ "አቃጥሉት" አለ። እኔ አፍንጫዬን አልያዝኩም። እያንዳንዱን ቀዳዳ አየሁት።

ሽማግሌው የሞቱት በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ ነው። ቁስላቸው ሊገጥም ትንሽ ሲቀረው ሳል ያዛቸው፤ በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ምራታቸው ወተት በማንኪያ ስታጎርሳቸው አረፉ። አካላቸውን የሰፈሩ አዛውንቶች አጥበው ገነዙ። አንደኛው ወጥተው "ጀርባው ንጹሕ ነው፣ ማነው የያዘው?" ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ወደኔ ሲጠቁሙ የምገባበት አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ከምራትየው ጋር የሐዘን ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠን ሳለ አላስቻለኝም። "ያን ቀን ፍራሹን ስስብባቸው የማገላብጣቸው መስሏቸው አመሰገኑኝ" አልኳት። "ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም።"

ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ ብላ አየችኝ።

"ያውቁ ነበር እኮ" አለች። "ጠዋት ሰዎቹ አልጋውን ሲያመጡ፣ ዛሬውኑ እንደሚወስዱት ሲነጋገሩ ሰምተዋል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነገሩኝ። 'ልጅቱ ልታለቅስ ነበር፣ እንዳላወቅሁ ሆንኩላት' አሉኝ።"

በልብሴ ላይ የቁንጫ ንክሻዬን ሳክ ቆየሁ። የእኔን ክብር የጠበቁልኝ እሳቸው ናቸው፤ እኔ የሽማግሌ ክብር ይጠበቅ ብዬ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ነበር።

ባልየው በሚቀጥለው ዓመት ከጦር ሜዳ ተመለሰ። አባቱ መሞታቸውን የሰማው ከአጥሩ በር ላይ ነው። በሳምንቱ ወደ ጣቢያችን መጣ፤ እንደ አባቱ ረዥም ነው፣ ቀኝ እጁ በቆሸሸ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ ሦስት ጣቶቹ የሉም። ሚስቱ በሩ ላይ ልጇን አዝላ ቆማለች፤ ሕፃኑ አድጎ ጀርባዋ ላይ ይንፈራገጣል።

"አባቴን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ።

"ከባለቤትህ ጋር ነው" አልኩት።

ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩትና እጁን ጭኔ ላይ በተዘረጋ ፎጣ አሳረፍኩ። ፋሻው መንገድ ላይ ከታሰረ ወዲህ አልተፈታም። ሽታው እሱንም ሸቶታል፤ ፊቱን አዞረ፣ ግንባሩን አላበው። የገዛ እጁን መጸየፉ ነበር፤ ያንን መልክ ከሌላ ሰው ይልቅ አውቀዋለሁ።

"ግዴለም፣ አትየው" አልኩት። "እኔ አየዋለሁ።"

ውሃውን ሳብ አደረግሁና ፋሻውን ማራስ ጀመርኩ።